ዝናብ የሚያስገባ ገመድ

ኧረ የዲሽ ገመድ ነገርስ መረረን! ደሴ ላይ ክረምት በገባ ቁጥር የየቤቱ ስሞታ አንድ ነው፤ ዲሹ ጠፋ። ባለሙያ ይጠራል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኑን ነካ ነካ ያደርግና ሒሳቡን ተቀብሎ ይወርዳል። በማግስቱ ዶፍ ሲጥል እንደገና ይጠፋል። ገመዱ ወደ ቤት የገባበትን ቀዳዳ ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። አንዱ የመስኮቱን መዝጊያ ገመዱ ላይ ይዘጋበትና ይጨፈልቀዋል። ሌላው ቆርቆሮውን በስቶ ያሾልከዋል፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የቆርቆሮው ስለት ልባሱን ይገዘግዘዋል። ግድግዳ የሚሰረስረው ደግሞ ቀዳዳውን ወደ ውስጥ ያዘቀዝቀዋል። ውሃ ወደ ዝቅታ እንደሚወርድ የማያውቅ ማን አለ? ዝናቡ ገመዱን ይዞ እየተንቆረቆረ ይገባል፤ የጭቃ ቤት ከሆነ ምርጉን ያረግፈዋል።

ጣጣው በግድግዳው ቢያበቃ ምን ነበረበት! በዚያ ገመድ ምስል ብቻ አይደለም የሚያልፈው። ሪሲቨሩ ሳህኑ ፊት ለተሰቀለው ኤልኤንቢ ኤሌክትሪክ የሚልከው በእሱው ነው፤ 13 ቮልት ሲልክ ቬርቲካሎቹ፣ 18 ሲልክ ሆሪዞንታሎቹ ቻናሎች ይመጣሉ። እርጥበት መዳቡንና መጋጠሚያውን ሲበላው ቮልቱ ይወርዳል፤ ግማሹ ቻናል እየታየ ግማሹ ይጠፋል። ሪሲቨሩ ተቃጠለ ተብሎ ያለ ጥፋቱ የሚቀየረውም ይሄኔ ነው። ያሳዝናል፤ የድሃ ገንዘብ ነው።

በ2012 ዓ.ም የሀገራችን ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት መዞር ሲጀምሩ፣ ናይልሳትን ፍለጋ በጦሳ ተራራ በኩል ወደ ምዕራብ ያይ የነበረው ሳህን ሁሉ ወደ ምሥራቅ ተመለሰ። ገመድ አጠረ። አዲስ ከመሳብ ይልቅ በየቦታው ተቀጠለ፤ ቅጥሉም ናስትሮ ተጠቅልሎበት ሜዳ ላይ ቀረ። ዛሬም እዚያው አለ።

ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ለሚገባ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ ፀሐዩ። ለቤት ውስጥ የተሠራው ነጭ ገመድ ውጭ ሲዘረጋ ልባሱ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ የናስትሮው ሙጫም በሙቀቱ ይለቃል። ፀሐይን የሚችለው ጥቁሩ ልባስ ሆኖ ሳለ ነጩን የሚዘረጉልን ለምንድን ነው? ስልክ ቆርቆሮ ሥር አልይዝ ብሎት ለኢንተርኔት አንቴና የሚሰቅለውም ሰው የሚገጥመው ይኸው ነው።

እባካችሁ፣ ወንድሞቻችን የዲሽ ባለሙያዎች፤ ስትሰረስሩ ከውስጥ ወደ ውጭ አዘቅዝቁት። ገመዱን ከቀዳዳው በታች ዝቅ አድርጋችሁ መልሳችሁ አስገቡት፤ ውሃው እዚያ ላይ ይንጠባጠባል። ዙሪያውን በሲሊኮን ድፈኑት። እናንተም ባለቤቶች፣ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ወጥታችሁ ቀዳዳውን እዩ።