ሜትሩ እየቆጠረ የተጫወትኩት ጎልፍ

ይድረስ ለእቴቴ፣ ከላስ ቬጋስ

ፎቶዬን አይተሽ «ፊቱ ሞላ፣ ሥራ ፈቷል መሰለኝ» ማለትሽን ሰምቻለሁ። ሞልቶ አይደለም፤ ፀሐይ አቃጥሎት አብጦ ነው። የት አትይኝም? ጎልፍ ሜዳ! በዱላው የሚመካው ባሻ እንዲሰማ ጮክ ብለሽ አንብቢው።

አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ በታክሲዬ ሜዳው በር ሳደርስ አብረውት ከሚጫወቱት ሦስት ጓደኞቹ አንዱ ቀርቷል፤ የማታው መጠጥ ጥሎታል። የተከፈለለት 300 ዶላር ደግሞ አይመለስም። ሽማግሌው ገንዘቡ ከሚቃጠል ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ሥራ ላይ ነኝ» ብለው «የታክሲውን ሜትር አታጥፋው» አይለኝም! ሜትር እየቆጠረልኝ ሣር ላይ ተንሸራሸር ስባል እምቢ እንድል ነው?

በሩ ላይ ያለው ልጅ ግን አገደኝ። የለበስኩት ከአገር ቤት የተላከልኝን የዋልያዎቹን ማሊያ ነው፤ ኮሌታ የሌለው አይገባም። ኮሌታ ያለው እዚያው ሱቃቸው ይሸጣል፣ 95 ዶላር። ሽማግሌው ወደ ሰማይ አየ፣ ኪሱን ግን አልነካም። ከዚያ የዱላ ኪራይ። ደንቡ እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፤ ለሩቁ ሌላ፣ ለቅርቡ ሌላ፣ አሸዋ ውስጥ ለገባችው ሌላ። አባባ በአንድ የገና ዱላ ስንቱን ጎረምሳ አንካሳ አድርጎ አልነበር? ኳሷ ደግሞ ሦስት ፍሬ 15 ዶላር።

እኔ የማውቀው አባባ ያስተማረንን ነው። ተንደርድሬ መታሁ። አምስት ዶላሬ ኩሬ ገባ። ሁለተኛውም ተከተለው። ሦስተኛውን ስመታ ከኳሱ ይልቅ የተቦደሰው ሣር ራቀ፤ ኳሱ ግን ቀስ ብሎ ተንከባሎ ወንድሞቹን ተቀላቀለ።

ይኼኔ ኩሬው ተንቦጫረቀና የጠላቂ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ብቅ አለ! ለካ ሥራው ነው፤ የሰመጠ ኳስ ለቅሞ፣ አጥቦ መልሶ ይሸጣል። ከረጢቱን ሲከፍት የእኔዎቹ ከላይ ተቀምጠዋል።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«አንዱ ሁለት ዶላር።»

«የራሴን?»

«ውሃ ውስጥ ከገባ የኔ ነው።»

እቴቴ፣ አንቺ መርካቶ እንዳስተማርሽኝ ፊቴን አዙሬ ሄድኩ። አልጠራኝም። (ያንቺም ዘዴ እንዲህ ነው የሚያዋጣው!) ተመልሼ ስንጨቃጨቅ ከኋላ የነበሩት ተጫዋቾች ጋሪያቸውን አቁመው ያፏጩ ጀመር። ሽማግሌው ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ሜትሬን አስባለሁ፤ የሚያስቸኩለኝ የለም። በመጨረሻ ሦስቱን በአራት ዶላር ተስማማን፤ ሰውዬው ጨብጦኝ ነው ተመልሶ የጠለቀው።

ውድነቱ ከሣሩ ነው አሉኝ። ይኼ በረሃ እኮ በዓመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝናብ ነው የሚያገኘው። የውሃ ባለሥልጣኑ ግቢው ውስጥ ያለውን ሣር ለሚነቅል ገንዘብ ይከፍላል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ሕግ ደግሞ ከአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ግቢዎች ውጭ ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሣር ከ2027 ጀምሮ የኮሎራዶ ወንዝን ውሃ አያገኝም። ጎልፍ ሜዳዎቹም ውሃቸው ተለክቶ ነው የሚሰጣቸው፤ ቢሆንም ለጥ ያሉ አረንጓዴ ናቸው። እናንተ ለፈረቃ ውሃ ባልዲ ስትደረድሩ እዚህ ኳስ እንዲመቻት ሣሩ ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ጎልፍ ተጫዋቾቹ ታይገር ውድስና ፊል ሚክልሰን በ9 ሚሊዮን ዶላር የተፋለሙበት ሻዶው ክሪክ የሚባለው ሜዳማ ለአንድ ዙር ከ1,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል። እዚያ ኳስ የሰመጠችበት ሰው ለቅሶ ይቀመጥ ይሆን?

ሦስቱ ሽማግሌዎች የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው፤ ሲሰዳደቡ ዋሉ። እርጥቡ ሣር የነሐሴ ግቢያችንን ይሸታል። እንደ ሽማግሌዎቹ ከልቡ የሚሰድበኝ ሰው ካጣሁ ቆየሁ አይደል እያልኩ ስብሰለሰል የሣር ማጠጫው ድንገት ተከፈተና ከነ95 ዶላር ሸሚዜ አጠበኝ። ዓይኔ ከምን እንደራሰ ማንም የጠየቀ የለም።

ሜትሩ አራት ሰዓት ተኩል ቆጠረ። ሸሚዙን፣ ኪራዩንና ኳሱን ቀንሼ፣ የታክሲው ድርጅት ድርሻውን ሲያነሳ የተረፈኝ የአንድ በያይነቱ ነው። እሱንም በልቼዋለሁና ለዕቁብሽ በዚህ ወር ምንም አትጠብቂ።

ሽማግሌው ለሚመጣው ሳምንትም ቀጥሮኛል። ባሻ ዛሬም «በዱላ የሚችለኝ የለም» የሚል ከሆነ ፓስፖርቱን ያውጣና ይምጣ፤ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ግን ከዚያው ይዞ ይምጣ፣ እኔ አልገዛለትም።

ወንድምሽ