የካቢኑ ሹመት

ወደ ሆሞሻ የሄድንበት ሃይሉክስ ለመሳፈር በርጩማ ያስፈልገው ነበር። ባለቤቱ አሶሳ ከተማ ውስጥ የሞባይል ሱቅ ያለው፣ ሱቁን ለወንድሙ፣ መኪናውን ግን ለማንም የማያምን ጎልማሳ ነው። በዚያ ሰሞን በሻንሲውና በካቢኑ መካከል ቶርኖ ቤት ያስቀረጻቸውን ባለ 5 ሳንቲ ሜትር ክብ ድጋፎች አስገብቶ፣ የቀድሞዎቹን ብሎኖች በረጃጅም ቀይሮ መኪናውን ከፍ አድርጎት ነበር። ካሶኒውም አብሮ ከፍ ብሏል።

«ከእንግዲህ የማያልፈው ነገር የለም። ድንጋይ ቢሆን፣ ጉድጓድ ቢሆን፣ እኛ ከላይ ከላይ ነን» አለኝ። የሰኔው ዝናብ ጀምሯል፤ የመጨረሻው ማንጎ ከዛፍ ሳይረግፍ ጥቂት ኬሻ ለማምጣት ነበር የተነሳነው።

ከፍታው ያምራል፤ አይካድም። ችግሩ ሁሉም የመኪናው ክፍል አብሮ አለመውጣቱ ነው። ካምቢዮው ከሻንሲው ጋር እንደታሰረ ቀርቶ ወለሉ ብቻ ስለወጣ የማርሹ ዘንግ አጥሯል። ባለመኪናው ሦስተኛ ማርሽ ለማስገባት ጎንበስ ይላል፤ ጎንበስ ባለ ቁጥር እኔ በእሱ ፈንታ መንገዱን አያለሁ። ከፊት መከላከያውና ከካቢኑ መሐል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ቬንቲላተሩ ደግሞ በቦታው ሲቀር ከለላው ከካቢኑ ጋር ወደ ላይ በመሄዱ፣ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ከኮፈኑ ሥር አንዳች ነገር ይፋቃል። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው «ይለምደዋል» አለኝ። ማን እንደሚለምደው አልነገረኝም።

ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ የሚወስደውን መንገድ ይዘን፣ ቀርከሃውን በግራና በቀኝ እያየን ያለ ችግር ሆሞሻ ገባን። እዚያ የማንጎው ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ ሀጂ ቆመው ጠበቁን። መኪናውን ዙሪያውን ዞረው አዩት፤ በሩን ከፍተው የሚረግጡበት ቦታ ፈለጉ። ከቡና ቤት የፕላስቲክ ወንበር መጣላቸውና ወጡ። ከተቀመጡ በኋላ ወደ ሹፌሩ ዘወር ብለው፣

«ያ ወለዲ፣ እናትህ በሕይወት አሉ?» አሉት።

«አሉ፣ ሀጂ። አልሐምዱሊላህ።»

«በዚህ መኪና ጭነሃቸው ታውቃለህ?»

ዝም አለ።

ከከተማው ወጥተን ወደ ሀጂ ቀበሌ ስንታጠፍ መንገዱ ሌላ ሆነ። የጭነት መኪናና የትራክተር ጎማ ቀዩን ጭቃ በሁለት ጥልቅ ቦይ ሰንጥቆት፣ መሐሉ ላይ ጉብታ ቀርቷል። ወደ ጎን ያዘነበለ ቦታ ስንደርስ ካቢኑ አጋደለ፤ ክብደቱ ሽቅብ የወጣ መኪና ማጋደሉን ቶሎ ይጀምራል። ሀጂ «አውርደኝ» አሉና በእግራቸው ሄዱ። ያን ቦታ እንዳለፍን ግን ተመልሰው ተሳፈሩ። ወንበሩ አብሮን ስላልመጣ እኔና ሹፌሩ ደገፍናቸው።

ከዚያ ብዙም ሳንርቅ ከሥራችን ድፍን ያለ «ጓ!» ተሰማና ቆምን። ጎማዎቹ ቦዩ ውስጥ ይሽከረከራሉ፤ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። ወርጄ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከካቢኑ ሥር ልጅ ይጫወትበታል፤ ዲፈረንሻሉ ግን ጉብታው ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል።

ነገሩ ይኸውና። ከመሬት ጋር የሚጋጨው ካቢኑ አይደለም። የኋላ ጎማዎቹን በሚያገናኘው ድፍን አክስል መሐል ያበጠው ዲፈረንሻል ነው። የእሱን ከፍታ የሚወስነው የጎማው ቁመት ብቻ ነው። ካቢኑን ብታነሳው፣ ባሌስትራ ብትደርብበት፣ ፎቅ ብትሠራበት ዲፈረንሻሉ ወሬውንም አይሰማ። ካቢኑ ተሾመ እንጂ ዲፈረንሻሉ የድሮ ደረጃው ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ወርዶ የሚሠራውም እሱ ነው። መሥሪያ ቤት ለሚያውቅ አንባቢ ከዚህ በላይ አላብራራም።

ጀርመኖች ይህ ቀድሞ ገብቷቸዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኡኒሞግ የሚባለውን መኪና ሲሠሩ፣ በየጎማው እምብርት ተጨማሪ ጊር አስገብተው አክስሉን ራሱን ከእምብርቱ በላይ ሰቀሉት። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1822 የግብጹ ገዢ የመሐመድ አሊ ልጅ ኢስማኤል ፓሻ ወርቅ ፍለጋ ከሱዳን በኩል ወደዚሁ አካባቢ፣ ወደ በርታ ተራሮች ዘልቆ ነበር። የዚያ ዘመን ጭነት በግመል ነበር የሚጓዘው። ግመል ደግሞ ሆዱ ከፍ ያለ፣ ዲፈረንሻል የሌለው ፍጡር ነው።

ካቢን ማንሳት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ከፓራፋንጎው ሥር ለትልቅ ጎማ ቦታ ይከፍታል፤ ዋና ጥቅሙም ይኸው ነው። የኛ ሰው ቦታውን ከፍቶ ጎማውን ሳይገዛ ቀረ።

«ጎማውን እናስተንፍሰው፤ ጭቃ ላይ ይይዛል» አለ ባለመኪናው። እውነቱን ነው፤ የላላ ጎማ መሬት ላይ ይንጣለላል፣ ይይዛል። ነገር ግን ሲንጣለል ቁመቱም ይቀንሳል። አየሩ «ፍስስ» እያለ ሲወጣ ዲፈረንሻሉ ጉብታው ውስጥ ሲጠልቅ በዓይናችን አየነው። በዚህ መሐል ሁለት ኬሻ ማንጎ የጫነ ሞተር ብስክሌት በጎናችን አለፈ። ቀጥሎ ምንም ያልተነካ አሮጌ ላንድ ክሩዘር፣ ካሶኒው ላይ የገበያ ሰው ሞልቶ መጣ። ሹፌሩ ወደ ቦዩ አልገባም። አንዱን ጎማ ጉብታው ላይ፣ ሌላውን የመንገዱ ጠርዝ ላይ አውጥቶ፣ በጥሩምባ ሰላም ብሎን ሄደ። ተሳፋሪዎቹ ቁመታችንን አደነቁ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ሀጂ ተረከቡ። ጠፍጣፋ ድንጋይ አስመጥተው ክሪኩን አስቆሙ፤ ጎማው ከቦዩ ሲነሳ ከሥሩ ድንጋይና የተሰነጠቀ ቀርከሃ አስሞሉ፤ ጉብታውን በዶማ አስናዱ። «አሁን እንደዚያ ሰውዬ ጎማህን ከላይ አውጣው» አሉት። አወጣው፤ ሄድን።

ማንጎውን ጭነን ስንጨርስ ባሌስትራው ረግቦ ካሶኒው ዝቅ አለ። ባለመኪናው ራቅ ብሎ ቆሞ አየው። ከኋላ በኩል መኪናው ቶርኖ ቤት ከመሄዱ በፊት የነበረውን ቁመት አግኝቷል። ዲፈረንሻሉ በዚህም አልተነካም።

«ጎማ ነው የጎደለው» አለ። ስልኩን አውጥቶ ያሰላ ጀመር። ያለው ጎማ 265/65 ባለ 17 ነው፤ ወደ 285/70 ቢቀይረው የጎማው ቁመት በ5.4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው የዚያን ግማሽ፣ 2.7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ግማሹ ከእምብርቱ በላይ ይቀራልና። የፍጥነት መለኪያው 80 ሲል መኪናው 86 እንደሚሄድ፣ ነዳጁም እንደሚጨምር ነገርኩት። አልሰማኝም።

ሀጂ ግን የአራቱን ጎማ ዋጋ ጠየቁት። ነገራቸው። ጥቂት አሰቡና፣

«በዚህ ገንዘብማ ግሬደር ተከራይተህ መንገዱን አታስጠርገውም?» አሉት።

ባለመኪናው ደነገጠ። «መንገዱ ከተስተካከለማ፣ ሀጂ፣ መኪናውን ለምን ከፍ አደርገዋለሁ?»