ያለ ደላላ አውሮፓ የሚገባ ደብዳቤ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተቀምጦ አውሮፓ የሚመኝ ሰው ደላላ ይፈልጋል፣ የሊቢያን በረሃ በጭነት መኪና ያቋርጣል፣ ሜዲትራንያን ላይ ነፍሱን ለላስቲክ ጀልባ ይሰጣል። ስደተኞችን የሚረዳው የኛ መሥሪያ ቤት ይህን ሁሉ እንግልት አስቀርቶታል። ጠዋት ላፕቶፔን እከፍታለሁ፣ ኢንተርኔቴን ሁሉ አውሮፓ ባለው ዋናው መሥሪያ ቤት በኩል የሚያዞረውን ቪፒኤን አበራለሁ፣ ገባሁ። በጥር እኩለ ቀን ሸሚዜ በላብ ከወንበሩ ተጣብቆ፣ የማያ ገጹ ጥግ “3 ዲግሪ” ይለኛል፤ ከሥሩ የበረዶ ጎማ በቅናሽ ይሸጥልኛል።

ደንቡ ከላፕቶፑ የሚወጣ ማንኛውም ነገር መጀመሪያ ዋናውን መሥሪያ ቤት ይሳለም ይላል። የቢሮውን ሰነድ ብቻ በቪፒኤን ልኮ ሌላውን በአገሬው ኢንተርኔት መልቀቅ ይቻላል፤ ባለሙያዎቹ ስፕሊት ታነሊንግ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሠራተኛውን ሁሉ ቤቱ ሲያስቀምጠው፣ ማይክሮሶፍት ራሱ የኦፊስ 365 ትራፊክ ከቪፒኤን ውጭ በቀጥታ ይለቀቅ ብሎ ደንበኞቹን መክሯል። ማይክሮሶፍት ደግሞ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃል!

ከሁሉ የምኮራው በፕሪንተራችን ነው። እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ቪፒኤኑ ሲበራ ግን ላፕቶፔ አያውቀውም፤ አውሮፓ የገባ ሰው የሰፈሩን ልጅ መቼ ያውቃል? ስለዚህ ወረቀት ለማተም ትእዛዙ በዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ዞሮ ይመጣል።

ከኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ የመጣች አንዲት እናት አራስ ልጇ በቤተሰብ ካርዷ ላይ እንዲመዘገብ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ትፈልጋለች እንበል። ደብዳቤዋ ከገዳሪፍ ተነሥቶ ፖርት ሱዳን ይወርዳል፤ ቀይ ባሕር ይገባል፤ ሜዲትራንያንን አንድም የጠረፍ ጠባቂ ሳያስቆመው ይሻገራል። አሻራ ስጥ የሚለው የለም። ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አውሮፓ ይደርሳል፣ ሰርቨሩ ያየዋል፣ ወዲያው ተጠርዞ ይመለሳል። ጥገኝነት አለመጠየቁ ጨዋነቱን ያሳያል። እናትየዋ ወረቀቱን ስትቀበል “አገሩ እንዴት ነው? የእኅቴን ልጅ አላየህልኝም?” ብላ ብትጠይቀው አይፈረድባትም፤ አውሮፓን አይቶ የተመለሰላት እሱ ብቻ ነው። አንዳንዱ ደብዳቤ ደግሞ ሄዶ ይቀራል። አይቲ ክፍል “ጠፍቷል፣ እንደገና ላክ” ይላል። እኔ ግን ወረቀት አግኝቶ ነው እላለሁ፤ ትንሽ ሲደላደል ገንዘብ ይልክልን ይሆናል።

በአውሮፓ መዞር ለገዳሪፍ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ፣ በሙሴ ዘመቻ፣ ቤተ እስራኤላውያን ከዚሁ ከገዳሪፍ አካባቢ በሌሊት በአውቶቡስ ካርቱም፣ ከካርቱም በአውሮፕላን በብራስልስ በኩል እስራኤል ገብተዋል። ያ መዞር ምክንያት ነበረው፤ በምስጢር መደረግ ነበረበት። የአራስ ደብዳቤ ከማን ተደብቆ ነው አውሮፓን የሚዞረው?

ሴትዮዋ እኮ መስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ ቆማለች! ልጁን አዝላለች። ፕሪንተሩ እዚህ ነው፣ እሷም እዚህ ናት፣ እኔም እዚህ ነኝ። ይህ ሁሉ ዙር ጥንቃቄ አይደለም፤ ስንፍና ነው። ጦርነት ባለበት አገር የስደተኛ ስም ዝርዝር በቪፒኤን ተሸፍኖ መሄድ አለበት፣ ማንም አይከራከርም። የአየር ሁኔታውና የፕሪንተሩ ትእዛዝ ለምን ይከተሉታል? አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የትኛው በየት ይሂድ ብሎ መለየት ስለሰለቸው ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የሱዳን ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ሕዝቡ በባንካክ የስልክ መተግበሪያ ገንዘብ ለመላክ የስታርሊንክ ሳተላይት ኢንተርኔት ላለው ሰው በሰዓት ይከፍል ነበር። እኛ እንዲህ ውድ የሆነውን ኢንተርኔት አውሮፓ ደርሶ ለሚመለስ ወረቀት እናፈሰዋለን።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ቪፒኤኑ እሑድ ቢበላሽስ? በሱዳን እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ግን ዕረፍት ላይ ነው። አርብ እኛ ስናርፍ እነሱ “ችግርዎ ተፈትቷል?” ብለው ይጽፋሉ። ከግድግዳው ማዶ ካለው የመኪና ስምሪት ኃላፊ ጋር በቪዲዮ ስነጋገርም ድምፁ መጀመሪያ በግድግዳው፣ ቆይቶ በአውሮፓ በኩል ይደርሰኛል። አሁን አሁን ስፈልገው ግድግዳውን በጡጫ እመታለሁ፤ ወዲያው ይመጣል። አይቲ ክፍል ገና አልሰማም።