የስኪ ዕቃ ማስቀመጫ

ባሌ ተራሮች ላይ ሳነቴ አምባ ልወጣ አስቤ ጎባ ላይ ማደሪያ ስፈልግ፣ አንዱ የስልክ ማስያዣ መተግበሪያ «የስኪ ዕቃ ማስቀመጫ ይፈልጋሉ?» አለኝ። አርቆ አሳቢነት ይሏል ይህ ነው! እኔማ ጎባ ስገባ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዬን የት እንደማቆመው እያሰብኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ደግሞስ ምን ጎድሎን? ተራራ እንደሆነ ቱሉ ዲምቱ አለ፤ 4377 ሜትር። ሐይቅ ላለም ገርባ ጉራቻ አለለት። ብርዱ በበጋ ሌሊት ውሃ ያረጋል። ስኪተኛም አላጣንም፤ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ድረስ ሄዶ በክረምት ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል። የቀረው በረዶው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን መብራት ካልጠፋ ከየቤታችን ማቀዝቀዣ እየፋቅን ብናዋጣ ለአንድ ሰው ቁልቁለት አያንስም። ተንሸራታቹ ጅብራውን እየታከከ፣ የፍልፈሉን ጉድጓድ እየዘለለ ይውረድ። ቀይ ቀበሮዎቹ፣ በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፣ ዳር ይዘው ያጨብጭቡ።

«እፈልጋለሁ» ብዬ መለስኩ።

ጎባ ስደርስ ክፍሉ ሙቅ ውሃ የለውም። ትርፍ ብርድ ልብስም አልቋል። ማስቀመጫው ግን በቃላቸው መሠረት ተገኝቷል፤ ድንች ተከምሮበታል።