ከፍታ የወደደ

አሜሪካ፣ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኮራል ላሳድግ ብሎ የቆረጠ ሰው መጀመሪያ የሚለካው ግድግዳውን ነው፤ ክንዱን አይለካም። ከዚያ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አኳሪየም ያዛል። እንግዳ ሲገባ ቀና ብሎ ይይ እንጂ! ታች የወደቀችውን ኮራል ለማንሳት ግን እስከ ብብቱ ተነክሮ፣ ጉንጩን ጨው ውኃው ላይ አስተኝቶ በጣቱ ጫፍ ሲዳብስ ማየት ነው። ዓሣዎቹም ቆመው ይታዘቡታል፤ መዋኛ ርቀት ካልተሰጣቸው ሌላ ምን ይሥሩ? ከቀይ ባሕር የመጣው ሐምራዊ ዓሣ እንደሆነ የሚፈልገው ርዝመት ነው፤ ደረጃ መውጣት አልለመደም። ብርሃኑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይደክማል፤ ውኃው የሚተነፍሰውም በገጹ ስፋት ነው።

ሻጩ «120 በ60 በ60 ይሻልዎታል» ቢለው «አጭር ነው» ብሎ ተኮሳተረ። አጭር! ጢም ብሎ ሲሞላ 432 ሊትር፤ ውኃው ብቻ ከ440 ኪሎ በላይ፣ ድንጋዩና መስታወቱ ሳይቆጠር። በሊትር 35 ግራም ሲሰላ ጨው ብቻውን 15 ኪሎ ነው።

ሚስቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «እታች ቤት ያሉት ሰዎች ሰምተዋል?»