አታናድዱኝ፣ ግፊት አለብኝ

በመንዟ ከተማ በመሐል ሜዳ የደም ግፊት ያለበት ሰው ይከበራል። ልጆች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሚስት ዘይት ማለቁን የምትናገርበትን ሰዓት ትመርጣለች፤ በወሰን የሚካሰስ ጎረቤት እንኳ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት «ለመሆኑ ግፊታቸው እንዴት ነው?» ብሎ ያስጠይቃል። «አታናድዱኝ፣ ግፊት አለብኝ» ከተባለ በኋላ ይግባኝ የለም።

እንዲህ ያሉ አንድ ጋሼ አውቃለሁ። ጤና ጣቢያ የሚሄዱት የፍርድ ቤት ቀጠሮ ባላቸው ቀን ነው። ከባላጋራቸው ጋር ሲነታረኩ ቆይተው፣ ዳገቱን በጥድፊያ ወጥተው፣ በርኖሳቸውን እንኳ ሳያወልቁ ክንዳቸውን ይዘረጋሉ። መሣሪያው 170 በ100 ሲል «አየሽልኝ፣ ምን እንዳደረገኝ!» ይሏታል ነርሷን። አምስት ደቂቃ አርፈው ዳግም ይለኩ ብትላቸው እሺ አይሉም። ቁጥሩ ከወረደ ማስረጃቸው ይጠፋባቸዋላ!

ሐሰተኛ ናቸው አልልም። ሰው ሲናደድ ሲምፓተቲክ የሚባለው ነርቭ ልብን ያጣድፋል፣ የደም ሥርን ያጠባል፤ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢም አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ለራሱ ቢተው በደቂቃ 100 ጊዜ ያህል ይመታል፤ አረፍ ስንል ወደ 70 የሚያወርደው ቬገስ የተባለው ሌላው ነርቭ ነው። ጋሼ ግን ቬገስን ሥራ አስፈትተውታል።

ደግሞ ድንገተኛ ስሜት ልብን እንደሚያናውጥ አገሬው ጥንትም ያውቃል። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው፤ ድንገት አይወረወርም። የጃፓን ሐኪሞች በ1990 እ.ኤ.አ. ታኮትሱቦ ብለው የሰየሙት ሕመም አለ፤ በድንገተኛ ሐዘን ጊዜ የሚለቀቀው አድሬናሊን የልብን ጡንቻ ለጊዜው ያዝለዋል፣ ይበልጥም የሚያገኘው በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ነው። ዛሬ ታዲያ የአዲስ አበባው ልጅ የሟችን ፎቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል፣ የመንዟ አክስት መርዶዋን ከልጅ ልጇ ስልክ ላይ ታነባለች።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ያ ልብን የሚያጣድፈው ነርቭ ወደ ኩላሊትም ይሄዳል፤ ትእዛዙም ጨውን ከነውኃው ያዝ ነው። ጋሼ ደግሞ ከችሎት ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ቡና ጨው ያለበት ነው። እመቤቲቱ ጨውን ቀነስ ካደረጉ ጋሼ «ይሄ ምን ቡና ነው?» ብለው ይቆጣሉ፣ ነርቩም እንደገና ይነሣል። ኪኒኑን ተዉት። ሳይናደዱ በዋሉበት ቀን አይውጡትም፤ «ዛሬ ማን አናደደኝና?» ይላሉ፤ የታዘዘው ለባላጋራቸው ይመስል።

በቅርቡ ሽማግሌ ገብቶ ክርክሩ በዕርቅ አለቀ። አረቄው ተቀዳ፣ ጨው ያለበት ቡና ተደጋገመ፣ ባላጋራ ተሳሳመ። በሳምንቱ ሲለኩ ያው 170 ሆነ። ጋሼ አሁን ምራታቸውን በክፉ ዓይን መመልከት ጀምረዋል።