ፉዊ ቢሉት ፉት አለ

ኑማ ጎበዝ፣ ጉድ ስሙ! የጋይንት ልጅ ስፓኒሽ ሊማር ተነስቶ ኃላፊ ጊዜ ላይ ቆመ። «‹ፉዊ› ሄድኩም ነው፣ ነበርኩም ነው። ይሄ ቋንቋ ነው?» ይላል። ፉዊ ቢሉት ፉት ያለ መስሎት ሰከረ!

አያ ፉት፣ ‹ፉዊ ኣ ማድሪድ› ካለህ ሄዷል፤ ‹ፉዊ ማኤስትሮ› ካለህ አስተማሪ ነበር። ያቺ ‹ኣ› የኛዋ «ወደ» ናት፤ እሷን ጠብቅ። መንጋ ስትጠብቅ ኖረህ አንዲት ፊደል መጠበቅ አቃተህ?

ደግሞ ማን ነው ሐሜተኛው? አንተ! ከወንበርህ ሳትነሳ «በቃ ሄድኩ» የምትል። በቁምህ እየሳቅህ «ገደልከኝ» የምትል። ከበር እየወጣህ «መጣሁ» የምትል። ለመሆኑ «መጣሁ» ብለህ ስትሄድ ሒሳቡን ማን ይክፈል?

«አለ»ንስ የት ደበቅካት? «ጠላ አለ?» «አለ።» «ማን አለ?» «እሱ አለ።» «የት አለ?» ይህን ሁሉ ሳይዞርብህ ጨልጠህ በአንዲት ‹ፉዊ› ትንገዳገዳለህ?

አገርህስ? ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ድጓ ቤተልሔም የሚመሰከርበት ጋይንት! ቃል ሁሉ ሰምና ወርቅ በሚወልድበት አገር አድገህ፣ የስፔን ቃል መንታ ወለደች ብለህ እሪ ትላለህ? እስቴ ብትከስ «እስቲ ተወን» ይሉሃል። ስማዳ ብትወርድ «ስማ ደግሞ!» ብለው ይስቁብሃል። ነፋስ መውጫማ ወሬህ መውጫውን ያውቀዋል።

ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1603 መጥቶ አማርኛና ግዕዝ ለመደ፤ በ1618 ግሽ ዓባይ ደረሰ። «አለ» መንገድ አልዘጋችበትም። በደርግ ዘመን ኩባ የተላኩት ልጆቻችንም በዚሁ በምታማው ቋንቋ ተምረው መጡ። አንተን የዘጋህ ማን ነው?

እኔ ልንገርህ። የኛ «ነበረ» በግዕዝ «ተቀመጠ» ነው፤ ወንበርም ዘመዱ ናት። የስፔኑ «ነበር» ሄዶ፣ ያንተ «ነበር» ተቀምጦ! ለዚህ ነው ፓኤዝ ዓባይ ምንጭ የደረሰው፣ አንተ ምዕራፍ አንድ ላይ የተጎለትከው። ተነስና አጥና። ያለዚያ ነገ «ስፓኒሽ ጀምሬ ነበር» ስትል፣ መልሳችን አንድ ነው፦ ነበር ባይሰበር!